እታለም ማንጠግቦሽ እና ቆም ቆም የሚለው ዘፈን

እታለም ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ፣ የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጬ ስቁነጠነጥ ነው። ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየችኝና፣ «አንቺ፣ ደረጄ ሙዚቃ ቤት ትሠሪ የነበርሽው ትርንጎ አይደለሽም? እታለምን ሰማሽ? ትናንት እኮ ቀበርናቸው» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ማልቀስ ሲገባኝ ትከሻዬ እስኪነቀነቅ ሳቅሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ «በስመ አብ» ብላ ዞረች። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አየኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? እኒህን ሴት ባሰብሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ጣራ ጣራ የሚያዩ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕፃናት ናቸው። እሱ ከመጣብኝ መሳቄ አይቀርም። እንባውም መጥቷል፤ ግን ዘግይቶ፣ ማንኩሳን ስናልፍ ነው የመጣ።

ሰው ሲሞት በአንድ ጀምበር ዝምተኛና ትሑት ይደረጋል። እታለም ዝምተኛም ትሑትም አልነበሩም። ስለዚህ እንዳየኋቸው እጽፋለሁ፤ የሚቀየም ይቀየም።

ጊዜው ሚሌኒየሙ አልፎ የቻይና ስልክ በየቤቱ መግባት የጀመረበት፣ ኢንተርኔት ግን ገና እንደ ዝናብ የሚለመንበት ጊዜ ነበር። አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤቴ የሚወራ ስላልነበረ ፍኖተ ሰላም ላይ ሙዚቃ ቤት የነበረው ደረጄ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠኝ። ሥራዬ ሚሞሪ መሙላት ነው። ሰው ስልኩን ከፍቶ ጥፍር የምታህል ካርድ ይሰጠኛል፤ እኔ ዘፈን ሞልቼበት እመልሳለሁ። ከጅጋ ገበያ የሚመለስ ገበሬ «ትከሻ የሚያስነቀንቀውን ሙይልኝ» ይላል፤ ተማሪው ከአዲስ አበባ ትናንት የወጣውን ይፈልጋል፤ ደረጄ ደግሞ በር ላይ ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ እኔን ያስጮኸኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም ነበር። ዛሬም አልወድም።

እታለም የመጡት በታኅሣሥ፣ ገና ሲቃረብ ነው። አጠር ደልደል ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሴት በሩን ሞሉት።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆች! ተዚህ ቤት የሕፃናት ዘፈን አይጠፋም ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

«ሚሞሪ ይዘዋል?» አልኋቸው፣ ቀና ሳልል።

«ምን?»

«የሚሞላበት ነገር። ሚሞሪ፣ ፍላሽ፣ ስልክ።»

«የሚሞላበትማ ይዣለሁ» አሉና በጃንጥላቸው ወደ ውጭ ጠቆሙኝ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። አንዱ የሌላውን ሹራብ ጫፍ የያዘ የሕፃናት ሰልፍ ከእኛ በር ተነሥቶ የልብስ ሰፊው በር ድረስ ተዘርግቷል። «እነዚህ ላይ ነው የምትሞይልኝ።»

እኒህ ሴት በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሕፃናት የሚያስተምሩ ናቸው። ማታ ማታ አዳራሹ የስብሰባ ነው፤ የአንድ ለአምስቱም የልማቱም ስብሰባ እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን የእሳቸው ነው። መፈክሩ ከተጻፈበት ግድግዳ ሥር ልጆቹ በከሰል የሣሏቸው ላሞች ይሰለፋሉ። «ቲቸር» መባል አይወዱም። «ቲቸር የወር ደመወዝ ሲወጣ ትሄዳለች፤ እኔ እታለም ነኝ» ይላሉ፤ እንደ ታላቅ እህት ማለታቸው ነው። ከልጆቹ ወላጆቹ፣ ከወላጆቹ ከተማው ተቀበለውና ሁላችንም እታለም አልናቸው።

የዚያን ቀን ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡና ኮምፒውተሩን እንደ እንግዳ ሰው ትኩር ብለው አዩት።

«ምን ጻፍሽ?»

«የገና የሕፃናት ዘፈን ብዬ።»

«ይህ ፊደል የእኛ አደለም።»

«በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው። የአማርኛው አልተጫነበትም።»

«የባላገር ልጅ በባዕድ አፍ ሲጠሩት አቤት ይላል ብለሽ ነው? በይ ይሁን፣ ጥሪው።»

እውነትም አቤት አላለም። ከብዙ መጠበቅ በኋላ የመጣልን ቀይ የለበሱ፣ ጺማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሽማግሌ ናቸው።

«እኒህ አባት ማን ናቸው?»

«የፈረንጅ የገና አባት። በሌሊት በጭስ ማውጫ ገብተው ለልጆች ስጦታ ያስቀምጣሉ አሉ።»

«በሩ ምን ሁኖ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እታለም።»

«አይ እንግዲህ! በእኛ ሰፈር በሌሊት በጣራ የመጣ ሰው ስጦታውን ሳያወርድ ኡኡ ይባልበታል። ዝለይው!»

ዘፈን የሚመዝኑት በእግራቸው ነበር። የቀኝ እግራቸውን ከላስቲክ ጫማው ያወጡና ባዶውን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፉታል። «ጆሮ ያማረ ድምፅ ያታልለዋል። እግር ግን አይታለልም» ይላሉ። ዘፈኑ ሲጫወት እኔ እግራቸውን ነው የማየው። ካልተነሣ ዘፈኑ ወደቀ ማለት ነው። ከፈረንጅ ዘፈኖች ያለፈው ስለ ዳክዬ የሚያወራ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም «ሸጋ ነው፤ ግና ዳክዬ አናውቅም» ብለው የዶሮ አድርገው አስተማሩት።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣሉ። ለጥምቀት መጡ፣ ለፋሲካ መጡ። አንድ ጊዜ ደንበኛ ስለበዛ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅሁላቸው። እሳቸው ሌላው ሰው የማይሰማ መስሏቸው፣ ወይም እሳቸው ስላልሰሙ ሁላችንም የደነቆርን መስሏቸው፣ በሙሉ ድምፃቸው «ትርንጎ! ትሰሚኛለሽ ወይ! እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ሰው ወረቀቱን ጥሎ ሳቀ። እሳቸውም ማዳመጫውን አውልቀው ሳቁ፤ በራሳቸው ላይ ሲሳቅ ከሁሉ ቀድመው የሚስቁ ሴት ነበሩ።

እኔ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው አይቸኩሉም። ገጹ አልከፈት ሲል እኔ ማውሱን እደበድባለሁ፤ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። «አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትቸኩይው? መንገዱ የትም አይሄድ፤ የምንሄድ እኛ ነን።» ይህን ሲሉኝ እናደድ ነበር። መናደዴን ነግሬያቸዋለሁም፤ «እሰይ፣ ንደጅ፤ የተናደደ ሰው አያንቀላፋም» አሉኝ።

ነገሩ የከረረው በክረምቱ ነው። ከመናኸሪያው በላይ አዲስ የግል መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። ግድግዳው ሁሉ በፈረንጅ አይጥና ድመት ተሥሏል፤ ከጠዋት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ እንግሊዝኛ ይዘፈንበታል። «እዚያ ልጆቹ የሚማሩት በኢንተርኔት ነው» ተባለ። በኢንተርኔት መባሉ በቃ። ወላጅ ሁሉ ልቡ ተነሣ።

በእታለም አዳራሽ መቀመጫ አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ በርጩማውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሦስት እግር አለ፣ ከሣጥን የተሠራ አለ፣ ጨርቅ የለበሰ የዘይት ቆርቆሮም አለ። በርጩማው እዚያው ያድራል። ልጁ ሊወጣ ሲል ወላጁ ይመጣና በርጩማውን አንሥቶ ይሄዳል፤ ሌላ ንግግር አያስፈልግም። በዚያ ክረምት በርጩማዎቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። እህል ነጋዴው አያ ቢያድግልኝ የልጃቸውን የትዕግስትን በርጩማ ሊወስዱ ሲመጡ፣ ልጅቷ አንዱን እግሩን ይዛ እየተጎተተች እስከ በሩ ድረስ አለቀሰች። እታለም «ልቀቂ የኔ ሸጋ፤ አባትሽ ናቸው» አሏት። ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ አቶ ስማቸው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ማዳበሪያ ሊገባ ነው፣ ማስቀመጫ የለም። «ልጅ ከሌለ እንግዲህ አዳራሹ ባዶውን አይቀመጥም። በጳጉሜ መጨረሻ መጥቼ አያለሁ፤ ከጎደለ ቁልፉን ይሰጡኛል» አሏቸው።

እታለም ይህን የነገሩኝ ዝናብ ጣራውን ሲደበድብ ሱቁ ውስጥ ቆመው ነው። ፊታቸው ላይ የሐዘን ነገር አላየሁም። «በኢንተርኔት ከሆነማ እኔስ ትርንጎ አለችኝ አደል!» አሉ። «ከኢንተርኔት የወጣ የእንቁጣጣሽ ዘፈን እናስጠናቸዋለን፤ በጳጉሜ መጨረሻ ወላጁን ሁሉ እጠራለሁ። የሄዱትንም እጠራለሁ። አቶ ስማቸውም ይምጡ። ያኔ በርጩማውን የሚያነሣ ያንሣ።»

መጀመሪያ የጠየቁኝ የእንግጫ ዘፈን ነበር። እንግጫ በየመስኩ የሚበቅል ሣር ነው። በእኛ አገር ዘመን ሊለወጥ ሲል ሴት ልጆች ወጥተው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ ከቤት ምሰሶ ያስሩታል፣ ከታላላቆች ራስ ላይ ጣል ያደርጉታል። ገጠሩ አልተወውም፤ ከተማው ግን እየረሳው ነበር። በሁሉም ዓይነት አጻጻፍ ፈለግሁ።

«የለም።»

«ደህና አድርገሽ ፈልጊ እንጂ።»

«ፈለግሁ እኮ! የለም። ኢንተርኔት እንግጫን አያውቃትም።»

«ምስኪን» አሉ። ያዘኑት ለእንግጫዋ ይሁን ለኢንተርኔቱ አልገባኝም።

በመጨረሻ አንድ ያላወቅነው ሰው የጫነው የሕፃናት የእንቁጣጣሽ ዘፈን ተገኘ። መጫወት ሲጀምር የእታለም እግር ከሲሚንቶው ተነሣ፤ ተመልሶ ወረደ፤ ከዚያ አላቆመም። «ይህ ነው! አውርጅልኝ!»

አልወርድ አለ። ሞከርሁ፣ ተቋረጠ። እንደገና ሞከርሁ፣ መብራት ሄደ። ደረጄ ጄኔሬተር አስነሣ፤ ሱቁ በጭስና በጩኸት ተሞላ። ትዕግሥቴ አለቀና፣ «እታለም፣ ስልክዎን ያምጡ። ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ እሰጥዎታለሁ፤ ዘፈኑ ሲጫወት ድምፅ ማጉያው ላይ ይደግኑት» አልኋቸው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ዘፈኑ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፤ እንደገና ይቀጥላል። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጽዋ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። እኔ ሌላ ደንበኛ ላስተናግድ ሄድሁ። በመሐሉ ጩኸቱ ጆሮዬን ሊበጥሰው ሲል «ደረጄ! ያንን ጄኔሬተር ከበሩ አርቀው!» ብዬ መጮኼ ትዝ ይለኛል። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ቀድተው ሲጨርሱ ስልኩን ደረታቸው ውስጥ ከትተው፣ ግንባሬን ስመው፣ በዝናቡ ውስጥ ሄዱ።

በጳጉሜ መግቢያ፣ ወላጆች ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ «ልጆቹ አንድ ሳይቀር ያዙት፤ ነይና ስሚ» ብለው ላኩብኝ። ሄድሁ። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ቆመዋል፤ ከኋላቸው በርጩማዎቹ፣ በበርጩማዎቹ መሐል ደግሞ የተወሰዱት የተዉት ባዶ ቦታ ይታያል። እታለም ጃንጥላቸውን አነሡ። ልጆቹ ጀመሩ፤ ድምፃቸው የጠራ፣ እግራቸው የተካከለ።

«ዝናቡ አባራና መስኩ አበባ ለበ…»

ቀጥ አሉ።

ሁሉም። አፋቸውን እንደከፈቱ፣ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው። አንድ ልጅ እንኳ አልተነቃነቀም። የረሱ መስሎኝ ላስታውሳቸው አፌን ስከፍት እታለም በጣታቸው ዝም አሰኙኝ። ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ፦

«…ሰ! አዲሱ ዓመታችን በሰላም ደረሰ!»

ትንሽ ሄደው ደግሞ ቀጥ። ደግሞ ጣራ። እኔ ግድግዳውን ያዝሁ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርሱማ ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው፣ በእኔ ድምፅ፣ በእኔው ቁጣ፣ «ደረጄ! ያንን ጄኔሬተር ከበሩ አርቀው!» ብለው አሳረጉት።

መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ልጆቹ ደስ ያለኝ መስሏቸው እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ እታለም አስቆሟቸው።

«ምን ሁነሽ ነው?»

«እታለም… ይኼ ዝም የሚሉት…»

«ይዘቱን ነው? ከባድ ነበር። አንድ ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነው።»

ያኔ ገባኝ። እታለም የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ አባታቸው ዜማ ሲያስተምሩ ከጎጆው ውጭ ተቀምጠው በጆሯቸው ብቻ የተማሩ። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ድምፅ የሚያዝበትም፣ ይዘት የሚሉት፣ የሚቆረጥበትም ቦታ በምልክት የታወቀ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ እሱን ካላከበረ ይገሠጻል። ኔትወርኩ በቆመ ቁጥር እሳቸው ምልክቱን እየቆጠሩ ኖሯል።

ማለሳለስ አልችልበትም። «ይዘት አይደለም፣ እታለም። ኔትወርክ ነው። ተቋርጦ ነው። የመጨረሻው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ደረጄ ላይ ስጮህ።»

አዩኝ፤ ልጆቹን አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ሳቁ፤ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ። «ሰባት ጊዜ ነው ያስደገምኋቸው! ‹ደረጄ› የሚለው ላይ ‹ከሆዳችሁ አውጡት› እያልሁ!» ሳቃቸው ሲያልቅ ግን አንዱ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እንዲያ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ወላጅ ይመጣል» አሉ ቀስ ብለው። «‹ልጆቻችንን እንደተበላሸ ቴፕ አደረገቻቸው› ብለው በርጩማቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። እውነታቸውን ነው።»

«እናስተካክለዋለና! ዝምታውን ይዝለሉት ይበሏቸው።»

ሞከሩ። ልጆቹ አሻፈረኝ አሉ።

«እታለም፣ እዚህ ጋ ዝም ነው!»

«አሁን ዝም አይባልም የኔ አበባ፤ ቀጥሉ።»

«ስልኩ ዝም ይላል እኮ!»

ደግመን ሞከርን። ግማሹ ይቀጥላል፣ ግማሹ ጣራ ያያል፤ ዘፈኑ ፈረሰ። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። «በቃ፣ ሌላ ዘፈን ልፈልግ፤ ወይ ጭራሹን ይቅር» አልሁ። እኔ እንደዚህ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር አጠገቡ መቆም አልችልም።

እታለም አልሰሙኝም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ በመስኮቱ ወደ ላህ ወንዝ አቅጣጫ፣ ወደ መስኩ ያያሉ። «ልጅ አንዴ የያዘውን አይለቅም» አሉ። «ዝምታውን ማውጣት ካልተቻለ መሙላት ነው።» ተነሡና ጃንጥላቸውን በብብታቸው ያዙ። «አንቺ፣ ያች ኢንተርኔትሽ የማታውቃት እንግጫ የት እንደምትበቅል ታውቂያለሽ አደል?»

«አውቃለሁ፤ ግን ምን…»

«ኧረ ተይ ጥያቄውን! የአንቺ እግር ተእኔ ይፈጥናል። ወላጅ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ልጆቹን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

የጳጉሜ የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ዝናቡ አልጣለም። አዳራሹ ሞላ፤ ግማሹ ሊያይ፣ ግማሹ ሊስቅ የመጣ ነው። ደረጄ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። አቶ ስማቸው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀምጠዋል። አያ ቢያድግልኝም መጥተዋል፤ ትዕግስት ሌሊቱን ሁሉ ስታለቅስ ስላደረች ነው ይላሉ። በርጩማ ስለሌላት አባቷ ጉልበት ላይ ነበረች።

ልጆቹ ጀመሩ። «…መስኩ አበባ ለበ…»

ቀጥ።

አንዲት እናት «ወይኔ፣ ረሱት» አለች። አንድ ሰው ሳል መሰል ሳቅ አወጣ። አቶ ስማቸው ቀና አሉ። እኔ ጥፍሬን ነከስሁ።

ከዚያ ልጆቹ እጃቸውን ሹራባቸው ውስጥ ከተቱ። ትናንት ከመስኩ የነቀልነውን፣ ከአደይ ጋር የጎነጎንነውን እንግጫ አወጡ። ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ሕዝቡ ተበተኑ። እያንዳንዱ ልጅ የእናቱን ወይ የአባቱን ራስ ፈልጎ፣ ጎንበስ አሰኝቶ፣ እንግጫውን ጣል አደረገና ወደ ቦታው ሮጠ። ሲመለሱ የመጨረሻው ልጅ እግሩን እንዳቆመ፦

«…ሰ! አዲሱ ዓመታችን በሰላም ደረሰ!»

ያቺ «ረሱት» ያለች እናት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሁለተኛው ዝምታ መጣ፤ ልጆቹ አሁን ደግሞ ልጅ ወደሌላቸው ሄዱ፤ ደረጄ ላይ፣ እኔ ላይ፣ የአቶ ስማቸው መላጣ ላይ ሳይቀር እንግጫ ወረደ። ዘፈኑ ሲቀጥል አንድ የተጨመረ ድምፅ ሰማሁ። ትዕግስት ከአባቷ ጉልበት ተንሸራታ ወርዳለች። መሐላቸው ቆማ ትዘፍናለች፤ ከሰፈር ልጆች አጥንታው ኖሯል። ሦስተኛው ዝምታ ላይ ከሁሉም ጋር እኩል ቀጥ ስትል፣ እኩል አፏን ከፍታ ጣራ ስታይ፣ አያ ቢያድግልኝ አንገታቸውን ደፉ።

የመጨረሻውን ስንኝ ልናስጥላቸው ብንል እምቢ ብለው ነበር። ስለዚህ መጣ፣ ከሆዳቸው፦ «ደረጄ! ያንን ጄኔሬተር ከበሩ አርቀው!»

ደረጄ ብድግ አለና «አራቅሁት እኮ!» አለ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ከሰው አልተደማመጠም። የሚስቁም የሚያለቅሱም እልል አሉ።

ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር እታለም በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። አፋቸው ይመርቃል፤ ዓይናቸው ግን የሰውን እጅ ነው የሚያየው። እኔም የማየው እጅ እጁን ነው። አንዱ የልጁን እጅ ይዞ ወጣ፤ በርጩማው ቀረ። ሌላዋ ወጣች፤ በርጩማው ቀረ። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ በርጩማ ስታነሣ ልቤ ወረደ። «እግሩ ተነቃንቋል እታለም፤ ለመስከረም አስጠግኜ አመጣዋለሁ» አለች። እታለም ትከሻዋን ስመው አሳለፏት። አያ ቢያድግልኝ ትዕግስትን ታቅፈው አለፉ። እነሱም ሄዱ ብዬ ተውኋቸው።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ አቶ ስማቸው ብቻ ቀሩ። ቀስ ብለው መጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እታለም፣ መቼም ሸጋ ነበር። ግን ያው… የተነጋገርነው የቁልፉ ነገር አለ። የወጡት ልጆች ቦታ እንደሆን…»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ በሩ ጨለመ። አያ ቢያድግልኝ ናቸው፤ እያለከለኩ፣ የልጃቸውን በርጩማ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው። ከኋላቸው ቀደም ብለው ልጃቸውን ያስወጡ ሌላ አባት፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ አንዲት ሴት የጨርቅ ሽፋን ያለው ቆርቆሮ ይዛ። ከወጡት ሁሉም አልተመለሱም። ግን የመጡት በርጩማቸውን አንድ በአንድ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡ።

እታለም ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ለአቶ ስማቸው ዘረጉላቸው።

«ይውሰዱት እንጂ፣ አቶ ስማቸው። ብቻ ማዳበሪያውም እንደ ልጆቹ በርጩማውን ይዞ ይምጣ።»

አቶ ስማቸው ቁልፉን አዩ፤ በርጩማዎቹን አዩ። እንግጫው አሁንም መላጣቸው ላይ ነበር። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።